ናይቫሻ ላይ የቱ መኪና ይበልጣል?

(አዲስ አበባ ውስጥ ለአውቶ መካኒክ ሠልጣኞችና ለመኪና ወዳጆች የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

ጤና ይስጥልኝ። በእንዲህ ያለ ዝናብ ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም፤ እግዜር ያክብርልኝ።

ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩትን ብረት ከፊት የተቀመጣችሁት ሳታውቁት አትቀሩም። የፊት ጎማን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው የታችኛው ክንድ ነው። ለሁለት ተሰብሯል። ናይሮቢ ጋራዥ ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ ከአንድ የራሊ (በገጠር መንገድ ላይ በሰዓት የሚለካ የመኪና ውድድር) ቡድን ጋር በነበርኩበት ጊዜ፣ እኛው ካዘጋጀነው መኪና ሥር የወጣ ነው። ቆይቼ እመለስበታለሁ፤ ለጊዜው እዚያው ይቀመጥ።

ናይሮቢ ውስጥ ጋራዥ ደጃፍ ሻይ ይዘው የሚቆሙ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ የሚከራከሩበት አንድ ጥያቄ አለ፦ ሱባሩ ወይስ ሚትሱቢሺ? እኛ አገር በቡናና በጊዮርጊስ ደጋፊዎች መካከል ያለውን አስቡት፣ ልክ እንደዚያው ነው። በኋላ ደግሞ ስኮዳና ፎርድ መጡና ክርክሩ ባሰበት። እኔም ለብዙ ጊዜ ከአንዱ ወገን ቆሜ ተከራክሬያለሁ። ዛሬ ግን የማምነው ሌላ ነው። የአንድ ራሊ መኪና ብቃት የሚለካው ካለው ፍጥነት ውስጥ ምን ያህሉን እስከ ፍጻሜው መስመር ይዞ እንደደረሰ በማየት ነው። ያም በአገሩ አፈር ላይ፣ በአገሩ ከፍታ ላይ፣ በአገሩ ጋራዥ እጅ። ይህን ለማስረዳት ከኬንያ፣ በተለይም ዛሬ ሳፋሪ ራሊ ከሚሮጥባት ከናይቫሻ፣ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ጎረቤታችን ናት፣ ስምጥ ሸለቆውም አቧራውም አንድ ነው፣ የውድድሩ ታሪክም ከ70 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የጀመረው በ1953 ነው። የእንግሊዟን ንግሥት የኤልሳቤጥን ዘውድ መጫን ለማክበር በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ (በዛሬዋ ታንዛኒያ) መንገዶች ላይ ኋላ ሳፋሪ ራሊ የተባለው ውድድር ተደረገ። ያን ጊዜ የነበረው ደንብ እስከዛሬ ያስደንቀኛል፤ መኪኖቹ የተመደቡት በሞተራቸው መጠን አልነበረም፣ በመሸጫ ዋጋቸው እንጂ። አዘጋጆቹ ለመመለስ የፈለጉት የአንድ መኪና ገዢ ጥያቄ ነበር፤ ይህን ያህል ገንዘብ ይዤ ብሄድ ይህን መንገድ የሚችልልኝ የትኛው ነው? ከዚያ ወዲህ ብዙ ደንብ ወጥቷል፣ ከዚህ የበለጠ ቅን ጥያቄ የጠየቀ ግን አላየሁም።

መልሱም ወዲያው መጣ። በ1954፣ በ1957 እና በ1962 ያሸነፈው እናንተ ሁላችሁ የምታውቁት ቮልስዋገን ነው፤ ያ እንቁላል የሚመስለው፣ ዛሬም አዲስ አበባ መንገድ ላይ የምናገኘው። ራዲያተር የለውም፤ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ውኃ የሚፈላበት ነገር የለም። ሞተሩ ከኋላ ተቀምጦ የሚነዱትን ጎማዎች ስለሚጫናቸው ጭቃ ውስጥ ይቆነጥጣል። ቀጥሎ ፔጆ 404 መጣ። በዕድሜ ገፋ ያላችሁ ትዝ ይላችኋል፤ ይህ ከተማ በእሱ ብዙ ተመላልሷል። 404 ሳፋሪን በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸነፈ። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱን ዓመታት ለይታችሁ ያዙልኝ። በ1963 የተነሡት 84 መኪኖች ነበሩ፣ የጨረሱት 7። በ1968 ከ90 በላይ ተነሥተው አሁንም የጨረሱት 7 ብቻ ናቸው። በሁለቱም ዓመት ያሸነፈው አንድ ሰው ነው፣ ኒክ ኖዊኪ፣ በሁለቱም ጊዜ በፔጆ 404። ከተነሡት ውስጥ ከፔጆው የሚፈጥን አልነበረም ማለት አይደለም። መኖርስ ነበረ፤ መረሬው ውስጥ ቀረ እንጂ።

መረሬ ስል የእኛውን መረሬ ማለቴ ነው። በጋ ላይ እንደ ድንጋይ ተሰነጣጥቆ የሚተኛው፣ ዝናብ ሲነካው ጎማ ላይ ተለጥፎ ጎማውን ከቸርኬው ጭምር ወደ ጭቃ ኳስ የሚቀይረው ዋልካ አፈር። ሳፋሪ ለብዙ ዓመታት የሚካሄደው በፋሲካ ሰሞን ነበር፤ ኬንያ ውስጥ ይህ ጊዜ ረጅሙ ዝናብ የሚገባበት ነው።

ጆጊንደር ሲንግን ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። ኬንያዊ ሲክ ነበር፤ እጁ ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው። የአገሩ ሰዎች «ሲምባ ዋ ኬንያ»፣ የኬንያ አንበሳ ይሉት ነበር። በ1965 ከወንድሙ ከጃስዋንት ጋር ያሸነፈው በቮልቮ ፒቪ 544 ነው፤ ያውም ቀደም ሲል ሌሎች የነዱት ያገለገለ መኪና። ኋላም በ1974 እና በ1976 በሚትሱቢሺ ላንሰር ደገመው። ሠልጣኞች፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ያገለገለ መኪና ፈትቶ እያንዳንዱን ኩሽኔታና እያንዳንዱን ቡሎን በገዛ እጁ መልሶ የገጠመ ሰው፣ የትኛው ክፍል መቼ እንደሚደክም ያውቃል። ይህ ዕውቀት በፈረስ ጉልበት አይጻፍም፣ በውጤት ሰሌዳ ላይ ግን ይታያል።

አሁን በአራት ጎማ ስለሚነዳ መኪና ልናገር። በ1981 አውዲ ኳትሮ ወደ ዓለም ራሊ ሲገባ በሁለት ጎማ የሚነዱ መኪኖች ዘመን አበቃ ተባለ። በአውሮፓ በረዶና ጠጠር ላይ እውነት ነበር። ሳፋሪ ግን እምቢ አለ። በ1983 ኦፔል አስኮና አሸነፈ፣ በኋላ ጎማ የሚነዳ መኪና፤ ሐኑ ሚኮላ በኳትሮ ሁለተኛ ወጣ። ከዚያ በ1984፣ በ1985 እና በ1986 ቶዮታ ሴሊካ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ወሰደው፤ እሱም ኃይሉ የኋላ ጎማ ላይ ብቻ ነው። በአራት ጎማ የሚነዳ መኪና ሳፋሪን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው በ1987 ነው፣ ያም ሚኮላ ራሱ በአውዲ 200። ለምን ይህን ያህል ዘገየ? አራቱንም ጎማ መንዳት ማለት ተጨማሪ ዲፈረንሻል፣ ተጨማሪ የኃይል ማስተላለፊያ ዘንግ፣ ተጨማሪ መጋጠሚያ ማለት ነው። እያንዳንዱ ይሞቃል፣ እያንዳንዱ ይመታል። ውድድሩ በሺዎች ኪሎ ሜትር ሲቆጠር ቀላል መኪና ማለት ጥቂት የሚሰበር ነገር ያለው መኪና ነው።

ነገር ግን መኪናን ከመኪና ስናወዳድር ትልቁ ችግር መሐል ላይ ሰው መቀመጡ ነው። ለዚህ የ1993ን ሳፋሪ የሚያህል ፈተና አላውቅም። ሱባሩ ቪቪዮ የምትባል ትንሽ መኪና ይዞ መጣ፤ ሞተሯ 660 ሲሲ ነው፣ ከብዙ ሞተር ብስክሌት ያነሰ። አንዷን ስኮትላንዳዊው ኮሊን ማክሬ ያዘ፣ ሌላዋን ኬንያዊው ፓትሪክ ንጂሩ። መኪናው አንድ፣ መንገዱ አንድ፣ ሳምንቱ አንድ። ማክሬ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ ፈጣን ከሚባሉት ነው፤ በኋላ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ቪቪዮዋን ገርፎ ገርፎ መንገድ ላይ ቀረ። ንጂሩ ግን በጠቅላላ ውጤት 12ኛ ሆኖ ጨረሰ፣ ምድቡንም አሸነፈ። ስለ ቪቪዮ ብቃት ያን ጊዜ ማክሬን ብትጠይቁ ደካማ ናት ባላችሁ ነበር፣ ንጂሩን ብትጠይቁ ጀግና ናት። ሁለቱም ያዩትን ነበር የሚናገሩት። ማክሬን አልነቅፍም፤ በ1997፣ በ1999 እና በ2002 ተመልሶ ሳፋሪን ሦስት ጊዜ አሸንፏል። ይህን መንገድ ተምሮታል ማለት ነው።

ስለዚህ ሰውየውን ከመኪናው ለመለየት ምን እናድርግ? ጋራዥ ውስጥ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። የደረጃ ሰንጠረዥን ተዉት። የእያንዳንዱን ስቴጅ፣ ማለትም ሰዓት እየተያዘ የሚሮጥበትን የመንገድ ክፍል፣ ሰዓት ውሰዱና በኪሎ ሜትር አካፍሉት፤ አንዱ መኪና ከሌላው በአንድ ኪሎ ሜትር ስንት ሰከንድ እንደሚለይ ይወጣላችኋል። ይህ ቁጥር ረጅሙንም አጭሩንም ስቴጅ እኩል ያናግረዋል። ከዚያ ያው አሽከርካሪ መኪና የቀየረበትን ዓመት ፈልጉ፤ ከተመሳሳይ ተፎካካሪዎች ጋር የነበረው ልዩነት በፊትና በኋላ ስንት ነው? ፍጹም አይደለም፤ ሰው ይማራል፣ ያረጃል፣ መንገዱም ይለወጣል። ሆኖም ከሻይ ቤት ክርክር ይሻላል።

አሁን አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። የ200 ኪሎ ሜትር ፍልሚያ አለ እንበል። አንደኛው መኪና ከሁለተኛው በየኪሎ ሜትሩ ግማሽ ሰከንድ ይፈጥናል። ራሊ ውስጥ ግማሽ ሰከንድ ትልቅ ነገር ነው፣ ተሳፍራችሁ ብትሄዱ በሰውነታችሁ ይሰማችኋል። በጠቅላላው 100 ሰከንድ ቀደመ። ስቴጅ መሐል ጎማ ቢፈነዳ ደግሞ ሁለቱ ሰዎች ወርደው፣ ክሪክ አቁመው፣ ቡሎን ፈትተው፣ ቀይረው፣ ቀበቶ አስረው ለመነሣት፣ ጎበዞች ከሆኑ ሁለት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። 120 ሰከንድ። የቀኑ ሙሉ ብልጫ በአንድ ስለታም ድንጋይ ሄደ፣ 20 ሰከንድ ዕዳ ተጨመረበት። ናይቫሻ ዙሪያ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደግሞ ጎማን በጎን ነው የሚቆርጠው። ለዚህ ነው ብዙዎች አንድ ትርፍ ጎማ አይበቃም ብለው ክብደቱን ችለው ሁለት የሚጭኑት።

አቧራውም ሒሳብ ያዛባል። ኬዶንግ በሚባለው የናይቫሻ ስቴጅ ላይ ያለው ቡናኝ ከላይ ሲታይ ጠንካራ መሬት ይመስላል፤ ጎማ ሲያርፍበት እንደ ዱቄት ይከፈታል፣ ከሥሩ ድንጋይ አለ። ነፋስ ከሌለ የቀዳሚው መኪና አቧራ አየር ላይ ቆሞ የሚከተለው ምንም አያይም። በሌላ ስቴጅ ደግሞ የመጀመሪያው ሰው ልቅ ጠጠሩን ለሌሎቹ ጠርጎ የሚያልፍ አገልጋይ ይሆናል። ስለዚህ «ኢቮው (የሚትሱቢሺው ላንሰር ኢቮሉሽን) ከስኮዳው በአሥር ሰከንድ ቀደመው» ሲሏችሁ መጀመሪያ ጠይቁ፦ ማን ቀድሞ ተነሣ?

ከፍታ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። ከጅቡቲ ጭነት ይዞ ደጋ የወጣ ሾፌር ሁሉ መኪናው ጉልበት ሲያጣ ያውቀዋል። ናይቫሻ ከባሕር ወለል ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶ አካባቢ ነው። ብዙ ሰው «ቱርቦ ካለው ከፍታ አይጎዳውም» ይላል። ለመንገድ መኪና ብዙውን ጊዜ ልክ ነው። የራሊ መኪና ግን ደንቡ ያስገደደው ነገር አለ፤ አየር ወደ ቱርቦው የሚገባው በጠባብ ቀለበት በኩል ነው፣ 32 ሚሊ ሜትር አካባቢ። ሞተሩ ሲሮጥ አየሩ በዚያ ጉሮሮ ውስጥ የድምፅን ፍጥነት ይነካና ከዚያ በላይ አላልፍም ይላል። በጉሮሮው የሚያልፈው የአየር ክብደት የሚወሰነው ደግሞ በውጭ ባለው ግፊት ነው። ቱርቦው ቢጮህም ቢጨነቅም ከጉሮሮው በላይ ያለውን አየር መፍጠር አይችልም። ስለዚህ ከፍ ባለው የሞተር ዙር ላይ ያለው ጉልበት ከአየሩ ጋር አብሮ ይወርዳል፣ ወደ አምስተኛው እጅ። ዝቅ ባለው ዙር ግን ጉሮሮው ገና ስላልሞላ ቱርቦው የጎደለውን ይሞላል። ታዲያ ደጋ ላይ ዙሩን እስከ ጣሪያ የሚያጮኸው አይጠቀምም፤ ቶሎ ማርሽ ጨምሮ ከታች በጉልበት የሚጎትተው ይጠቀማል። ባለ 2 ሊትሩ ኢቮና ሱባሩ በኋላ ከመጡት መኪኖች ባለ 1.6 ሊትር ሞተር ይልቅ ከታች ስለሚጎትቱ፣ አውሮፓ ላይ ባለው ልዩነት ኬንያን መገመት ስሕተት ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ክርክር ደረስን። ለረጅም ዓመታት የኬንያ ብሔራዊ ሻምፒዮና የግሩፕ ኤን መኪኖች ግዛት ነበር። ግሩፕ ኤን ማለት ፋብሪካው ቢያንስ 2,500 ያህል ለሕዝብ ያመረተው መኪና ነው። የደኅንነት ብረት ይገባበታል፣ ሾክ አብዞርበሩ ይጠነክራል፣ መሠረቱ ግን ሱቅ የተሸጠው ራሱ ነው። የሱባሩ ኢምፕሬዛና የሚትሱቢሺ ላንሰር ኢቮሉሽን የነገሡት ለዚህ ነው። ኬንያ መሪው በቀኝ ያለ አገር ስለሆነች ያገለገለ የጃፓን መኪና በመርከብ ይገባል። የተሰበረ ካምቢዮ፣ የተጣመመ ክንድ ናይሮቢ ውስጥ በእግር ተፈልጎ ይገኛል። አሁን አራቱ ሲሊንደሮቹ ተጋድመው በሚተኙት የሱባሩ ሞተርና በሚትሱቢሺው መካከል ልፈርድ አልፈልግም፤ ሱባሩ ክብደቱን ወደ መሬት ያወርዳል፣ ካንዴላ ለመቀየር ግን ክንዳችሁን ይልጠዋል።

ከዚያ አር5 መጣ። በ2013 የወጣ ደንብ ነው፤ 1.6 ሊትር ቱርቦ፣ አራት ጎማ የሚነዳ፣ ዝቅተኛ ክብደቱ 1,230 ኪሎ። ዛሬ ራሊ2 ይባላል። ከግሩፕ ኤን መኪና ጋር ስታስተያዩት የአየር ጉሮሮው ተቀራራቢ ስለሆነ የፈረስ ጉልበቱም ብዙ አይራራቅም። ልዩነቱን ኮፈን ከፍታችሁ አታገኙትም፣ ከሥሩ ግቡ። ግሩፕ ኤኑ መንገድ ላይ ለተሸጠ መኪና የተሠሩ የሰስፔንሽን መያዣዎችን ተሸክሞ ይሄዳል። አር5ቱ ክንዶቹ ለራሊ ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ረጅም ርቀት ይጓዛል፣ ጉድጓድ ሲያገኝ ከመዝለል ይልቅ ይውጠዋል። በመቶ ኪሎ የሚቆጠር ክብደትም ይቀልለዋል፤ ፍሬን ዘግይቶ ይይዛል፣ ጎማ ይቆጥባል።

ታዲያ ማን አሸነፈ? ማንቪር ባርያን በስኮዳ ፋቢያ አር5 የአፍሪካን ሻምፒዮና በ2017፣ በ2018 እና በ2019 ወሰደ፤ ሦስት ዓመት በተከታታይ። ስኮዳው ነዋ፣ አበቃ ልትሉ ነው። ቆዩ። ያን ጊዜ ሳፋሪ የዚያው አህጉራዊ ሻምፒዮና አካል ነበር። በ2018 ሳፋሪን ያሸነፈው ካርል ታንዶ ነው፣ በሚትሱቢሺ ኢቮ 10። በ2019 ያሸነፈው ባልዴቭ ቻገር ነው፣ እሱም በኢቮ 10። በንድፉ የቀደመው ዘመን መኪና፣ በራሱ አፈር ላይ፣ መንገዱን እንደ ሰፈሩ በሚያውቁ ሰዎች እጅ፣ አዲሱን ቴክኖሎጂ ሁለት ዓመት መለሰው። ሁለቱም ውጤት እውነት ነው። በብዙ አገር ተዘዋውሮ ዓመቱን ሙሉ ነጥብ መልቀም ለሚፈልግ ስኮዳው ይሻላል። በአንድ ቅዳሜና እሁድ፣ በአንድ ክፉ መንገድ ላይ፣ ለመሰባበር ለተዘጋጀ ጋራዥ ግን ኢቮው ገና አላረጀም ነበር።

በ2021 ሳፋሪ ወደ ዓለም ሻምፒዮና ሲመለስ የኬንያውያኑ መኪኖች ከፋብሪካ ቡድኖች ጎን ቆሙ። ኦንካር ራይ በቮልስዋገን ፖሎ አር5 በጠቅላላ 7ኛ ሆኖ ጨረሰ። ከፊቱ ከነበሩት ስድስቱ ጋር በፍጥነት አይወዳደርም፤ ብዙ ፈጣኖች ግን ከኋላው ቀርተዋል። ያን ዓመት ትዬሪ ኑቪል በሂዩንዳይ እየመራ እስከ መጨረሻው ቀን ደርሶ እሁድ ጠዋት ሰስፔንሽኑ ተሰበረበት፣ ፈረንሳዊው ሴባስቲያን ኦጂዬ በቶዮታ ያሪስ አሸነፈ። በ2022 እና በ2023 ከአንደኛ እስከ አራተኛ የወጡት ሁሉ ቶዮታ ነበሩ። ሌሎቹ ቡድኖች እኮ ዘገምተኛ መኪና ይዘው አልመጡም።

በ2022 ልቤን የነካው ግን ወደ ኋላ ያለው ውጤት ነው። ማክሲን ዋሆሜ የምትባል ኬንያዊት ወጣት በፎርድ ፊየስታ ራሊ3 የምድቧ አሸናፊ ሆነች። ራሊ3 ባለ 1.5 ሊትር ሦስት ሲሊንደር፣ አራት ጎማ የሚነዳ፣ ከአር5 ጉልበቱም ዋጋውም ያነሰ መኪና ነው። ሌሎች ሲሰበሩ እሷ ደረሰች። ከ1953ቱ የዋጋ ምድብ ጋር የሚገናኝ መኪና ዛሬ ካለ እሱ ነው እላለሁ።

ዋጋ ካነሳን አይቀር፣ አር5 ሲወጣ ደንቡ የመኪናውን ዋጋ በ180,000 ዩሮ ገደብ አስሮት ነበር። ያ ግን መግዣው ብቻ ነው። ክፍሎቹ ከሠሪው ይመጣሉ፣ ሞተሩም ካምቢዮውም በተሮጠ ኪሎ ሜትር ተቆጥሮ ይታደሳል። አንድ ሠልጣኝ ከመግባቴ በፊት «ጋሼ፣ ገንዘቡ ቢኖርህ የቱን ትገዛለህ?» ብሎኛል። ብሔራዊ ሻምፒዮና ለመጀመር ከሆነ ራሊ3ን እገዛና የተረፈኝን በጎማ፣ በሰስፔንሽን ክንድና በልምምድ ቀናት ላይ አውላለሁ። ሦስት ዓመት ሳልሰብር ከጨረስኩ አር5 እጠይቃለሁ። ኢቮ 10ን እወደዋለሁ፣ ፋብሪካው ግን ማምረት ካቆመ ቆይቷል፤ በየዓመቱ ክፍሉ እየራቀ ይሄዳል።

አሁን ወደ ብረቱ። በዚያ ውድድር ሁለተኛ ሆነን እየሄድን፣ ሊያልቅ ሁለት ስቴጅ ሲቀር ተሰበረ። አሽከርካሪያችን ምንም ድንጋይ እንዳልመታ ምሎ ነገረን። አላመንነውም ነበር። መኪናው ቀርፋፋ አልነበረም፤ በሰከንድ በኪሎ ሜትር ስናሰላ ከመሪው ጋር እኩል ነበርን።

ኑና ስብራቱን በመብራት እዩት፣ ተቀባበሉት፣ አይቆርጥም። ሁለት ቀለም አለው። ይህኛው ጠርዝ ጠቁሯል፣ እንደ ዛፍ ቀለበት የተደራረበ መስመርም አለበት። የቀረው ሻካራና አንጸባራቂ ነው። አንጸባራቂው በዚያች ቅጽበት የተሰበረው ነው። የጠቆረው ቀስ በቀስ የተከፈተ ስንጥቅ ነው፤ ዝገት ለመያዝ ጊዜ አግኝቷል። ከውድድሩ በፊት ሐሙስ ማታ በዚህ ክንድ ላይ የባትሪ መብራት ይዤ ያለፍኩት እኔ ነኝ። ጭቃውን ሳላጥብ አየሁት። ስንጥቁ ከጭቃው ሥር ነበር።